የባሲሊያ አገጭ

አንጎኖ ከተማ ውስጥ ለቅዱስ ቀሌምንጦስ ንግስ ሂጋንቴ ከሚሠሩት ሁሉ እንደ ዶራይ እጀ ቀና አልነበረም። ይህን ሁሉም ያምናል። ሁሉም የሚያምነው፣ ግን እሷ ፊት ደፍሮ የማይናገረው ሌላም ነገር ነበር። ዶራይ ከጋዜጣና ከሙጫ የምታበጃቸው እነዚህ ሂጋንቴ የሚባሉ ግዙፍ አሻንጉሊቶች ሴትም ይሁኑ ወንድ፣ ሙሽራም ይሁኑ ፖሊስ፣ ሁሉም የሟች አማቷን የባሲሊያን አገጭ ይዘው ነው የሚወለዱት።

አገጩ ደግሞ ተራ አገጭ አልነበረም። መጀመሪያ ወደ ፊት ወጣ ይላል፣ ቀጥሎ ወደ ላይ ቀና ይላል፣ መሀሉ ላይ አውራ ጣት የተጫነው የሚመስል ጎድጓዳ አለ። ባለቤቱ ዝም ባለችበት ሰዓት እንኳ «እና ምን ይጠበስ?» የሚል አገጭ ነበር።

አንድ ዓመት የዓሣ ነጋዴዎቹ ጺማም ዓሣ አጥማጅ አዘዟት። ዶራይ ከኮኮናት ልጥ ደረት የሚደርስ ጺም ሠርታ ለጠፈችለት። አበልጇ ፓሲንግ ልታይ መጣችና ዙሪያውን ዞራ ስታበቃ፣

«እንግዲህ አማትሽን ጺም አበቀልሽላት» አለች።

«የማንን አማት?»

«የኔን አይደለም። የኔዋማ ድሮም ነበራት።»

«ይሄ የማንም ፊት አይደለም፣ ፓሲንግ። ከጭንቅላቴ ያወጣሁት ነው።»

«እሷ ደግሞ ከጭንቅላትሽ መች ወጥታ ታውቃለች?»

ዶራይ ለሁለት ሳምንት አላነጋገረቻትም።

ዶራይ ከሐይቁ ማዶ ካለ መንደር መጥታ አማዶን ስታገባ ገና ልጅ ነበረች። አማዶ በከተማው የማርሽ ባንድ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠውን ጥሩምባ፣ ቱባውን የሚነፋ ሰው ነው። ውጭ ውሎ ትንፋሹን ስለሚጨርስ ነው መሰለኝ ቤት ሲገባ አይናገርም። የሚናገረው ሁሉ የእናቱ ድርሻ ነበር። ሂጋንቴ ትሠራ የነበረችውም እናቱ ናት። ድሮ በርስት ጌቶቹ ዘመን ገበሬው ጌቶቹን ፊት ለፊት መስደብ ስለማይችል፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው የሚንጎራደዱ አሻንጉሊቶች ሠርቶ በየመንገዱ አሾፈባቸው ይባላል። ጌቶቹ ሄዱ፤ እጅ በወገቡ ግን ለባሲሊያ ቀረላት።

ሃያ ዓመት ገደማ አብረው ሠሩ። መጀመሪያ ዶራይ የካሳቫ ሙጫ አማሰለች። ከዚያ ጋዜጣ ቀደደች። ከዚያ በጭቃው ቅርጽ ላይ መለጠፍ ተፈቀደላት። የአሮጊቷ ጣቶች በቁርጥማት ሲኮማተሩ ደግሞ ጭንቅላቱን ከጭቃው እስከ ቀለሙ ድረስ እሷ ትሠራው ጀመር። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን «ጎሽ» የሚል ቃል አልሰማችም። «ይሄ ጉንጭ ነው ወይስ የጥርስ ሕመም?» ትላለች ባሲሊያ። ምግብ ሲቀርብላትም ያው ነው። ዶራይ የሐይቁን ዓሣ በሁመር አኮምጥጣ ሾርባ ስትሠራ፣ አንድ ማንኪያ ቀምሳ፣ ማንኪያውን አስቀምጣ፣ ጥቂት አስባ፣ «እሳቱስ ደህና ነበር» ትላለች።

የሞተችው ንግሱ ሊደርስ ሲል ነው። ቄሱ መጥተው ጸሎቱን አድርሰዋል፤ ዘመድ አልጋውን ከቧል፤ ዶራይ የአማቷን እጅ ይዛ «ምናልባት አሁን» እያለች ትጠብቃለች። ባሲሊያ ዓይኗን ገለጥ አደረገች። በመስኮቱ ወደ ጓሮው፣ ወደ ድስቱ አየች። «ሙጫው ቀጥኗል» አለችና ዐረፈች።

ዶራይ ለቅሶው ጋብ ሲል ሄዳ አየችው። እውነትም ቀጥኖ ነበር። ከሁሉ ያንገበገባት ይሄ ነው።

እንግዲህ አማዶ ሬናቶ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረው። ሬናቶ ገና በጉብዝናው ወደ ደቡብ፣ ዳቫዎ ሙዝ እርሻ ሄዶ፣ እዚያው አግብቶ፣ እዚያው ወልዶ ቀረ። «ለሚመጣው ንግስ» እያለ ስንት ንግስ አለፈ። ያን ጊዜ ስልክ እንደዛሬው በየኪሱ አልነበረም፤ ፎቶም ቢላክ የሕፃን ልጅ ፎቶ ነው። ባሲሊያ ከሞተች ከስንት ዓመት በኋላ፣ ንግሱ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ ሬናቶ ቴሌግራም ላከ። ልጁ ሮዌና የሕፃናት ሥዕል አስተማሪ ሆናለች፤ የአባቷን አገር ጥበብ ማየት አምሯታል፤ በመርከብ ትመጣለች።

ዶራይ ማክሰኞ ዕለት ጓሮ ውስጥ አንድ ባልዲ ትኩስ ሙጫ ተሸክማ ስትዞር የበሩ መዝጊያ ተንኳኳ። አገጩ ቀድሞ ገባ፤ ልጅቷ ተከተለች።

ባልዲው ከእጇ አመለጠ።

«ውይ! ቲያ፣ ሙጫው!» አለች ልጅቷ።

ዶራይ ክው ብላ አማተበች። ሮዌና ግን ቦርሳዋን አስቀምጣ፣ ፈገግ ብላ፣ «ቲያ ዶራይ፣ አክስቴ፣ እርስዎ ነዎት አይደል? የሬናቶ ልጅ ነኝ» አለችና ለሰላምታ የአክስቷን እጅ ስባ ግንባሯ ላይ አስነካች። እጁ በሙጫ ተለውሶ ስለነበር እዚያው ተጣብቆ ቀረ። ሁለቱም ሲጎትቱ አማዶ ከጓዳ ወጣ። ልጅቷን አየ። ወንበር መኖሩን ሳያረጋግጥ ተቀመጠ። አልነበረም።

«እማ?» አለ ከመሬት ሆኖ።

ሮዌና የመጣችው ጥበብ ልታይ ነው፤ አንጎኖ ሠዓሊና ሙዚቀኛ የበዛበት ከተማ መሆኑን ከአባቷ ሰምታለች። በማግስቱ ጠዋት «ቲያ፣ ሥዕሎቹ የት ነው የሚታዩት?» ብላ ጠየቀች።

«በላሽ?» አለቻት ዶራይ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት እንዲሁ አለፉ። የአማዶ የአጎት ልጅ ቤት ግድግዳ ሙሉ የሐይቅ ሥዕል አለ፤ ሥዕሉ ፊት ግን ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ የተጠበሰ ዳክዬ አለ። ዳክዬው ሳይነሳ የሥዕሉ ታች አይታይም። ጀልባዎቹን ለማየት ሁለት ዳክዬ በላች። ከእንጨት ቅዱሳን የምትቀርጸው የአክስት ልጅ ደግሞ ቅዱሱን በዓይኗ አሳይታ፣ የሩዝ ኬክ በእጇ አስጨብጣ ሸኘቻት። ጂፕኒ የሚሉትን የሕዝብ መኪና ጎን የሚቀባው ዘመድ ዘንድም ያው ነው። በየደረሰችበት ሦስት ጥያቄ ይጠብቃታል። በላሽ? አገባሽ? ለምን? ሦስተኛው ለሁለቱም ያገለግላል። በደቡብ ቅላጼዋ ስትመልስላቸው ደግሞ «እስቲ ድገሚው!» እያሉ ይስቃሉ።

ልጅቷ ደግ ናት፤ ዕቃ ታጥባለች፣ ታላቅ ታከብራለች። ግን መምህር ናትና ያየችውን ሳታርም አታልፍም። በሦስተኛው ቀን ዶራይ ያንን የዓሣ ሾርባ ሠራችላት። ሮዌና ቀመሰች። ማንኪያውን አስቀመጠች። ጥቂት አሰበች።

«በጣም ይጣፍጣል፣ ቲያ» አለች ሮዌና። «ትንሽ ግን… ቀጠን አላለም?»

አማዶ ሳህኑን ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ።

ዶራይ ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው። በማግስቱ ግን በዚያ ዓመት የታዘዘችው ሂጋንቴ፣ ሽማግሌው ማንግ ሴቬሮ ለሐይቅ ዳሩ ጸሎት ቤት ያሠሯት የገበያ ሴት፣ ቀለሟ አልቆ የመጨረሻው ቫርኒሽ እየተቀባላት ነበር። ዶራይ ከግንባሯ ጀምራ ወደ ታች ስትቀባ፣ አፍንጫው ጋ ስትደርስ፣ ሮዌና ከኋላዋ ቆማ አንገቷን ዘንበል አደረገች።

«ቲያ፣ የግራ ጆሮዋ ከቀኙ ከፍ ብሏል።»

ዶራይ ብሩሹን ወርውራ ዞረች።

«ስሚ! ሃያ ዓመት ቻልኩሽ! ሃያ ዓመት ጉንጭሽን፣ ሾርባሽን፣ ሙጫሽን! ሞተሽ ተቀብረሽ እንኳ አትተይኝም?»

ሮዌና ወደ ግራ ወደ ቀኝ አየች። ሌላ ሰው አልነበረም።

«ቲያ፣ እኔ እኮ የመጣሁት ማክሰኞ ነው» አለች።

ዶራይ አፍራ ቤት ገባች፤ የቫርኒሹም ነገር በዚያው ተረሳ። ከሰዓት በኋላ ፓሲንግ መጥታ ነገሩን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ልጅቷን ተያት እባክሽ» አለች። «ደግሞ ጆሮው እውነትም ከፍ ብሏል።»

እሑድ የሂጋንቴዎቹ ሰልፍ ሆነ። የገበያዋን ሴት እንዲሸከም የተቀጠረው ጎረቤታቸው ካሾ ዋዜማውን የኮኮናት አረቄ ሲገለብጥ አምሽቶ፣ ጠዋት የመጣው ቀኝና ግራ እግሩ እየተጣሉ ነው። አሻንጉሊቷ ሥር ሊገባ ጎንበስ አለ፤ ካጎነበሰበት አልተነሳም፣ እዚያው ተኛ።

«እኔ እሸከማታለሁ» አለች ሮዌና።

«ሬሳ ሣጥን አይደለም» አለች ዶራይ። «ጭፈራ ይፈልጋል። ይከብዳል። የሚታየው በሆዷ ቀዳዳ ብቻ ነው።»

ሮዌና ግን ሥሯ ገብታ የአሻንጉሊቷን የቀርከሃ አጽም ትከሻዋ ላይ አድርጋ ብድግ አለች። ሁለት ጊዜ ተንገዳገደች፤ ሦስተኛው ላይ ጭፈራ ሆነ። የገበያዋ ሴት ቀሚስ ዞረ፣ እጆቿ ወገቧ ላይ ሆነው ጎረቤቱን ሁሉ በንቀት አየች። ዶራይ ሳታስበው አጨበጨበች፤ ወዲያው ግን እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

ሰልፉ ወጣ። ባንዱ ከፊት፣ አማዶ ከባንዱ ኋላ፣ ሮዌና ከአማዶ ኋላ፣ ዶራይ ደግሞ ከጎን «ወደ ቀኝ! ገመድ አለ! ጎንበስ!» እያለች። በአንጎኖ በዚያ ቀን ደረቅ ሰው አይወደድም። ከመስኮት ባልዲ፣ ከጣሪያ የውሃ ጎማ፣ ከመታጠፊያው ላይ የእሳት አደጋ መኪና ሳይቀር ውሃ ይለቅበታል። ሌሎቹ ሂጋንቴዎች ውሃው ቫርኒሻቸው ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል። የገበያዋ ሴት ግን ከአፍንጫዋ በታች እንደ ተነከረ ዳቦ ማበጥ ጀመረች። መጀመሪያ ከንፈሯ ተንዘለዘለ። ሕዝቡ መሳም ያማራት መስሎት አፏጨላት። ቀጥሎ አገጩ ረዘመ፤ ቀስ እያለ፣ እያመነታ፣ እስከ ደረቷ ወረደ።

«ሮዌና! ቁሚ!» ብላ ጮኸች ዶራይ።

ሮዌና «ቁሚ» የሚለውን «ዙሪ» ብላ ሰማች፤ ዞረች። አገጩ ከቦታው ተላቀቀ፣ አየር ላይ ተገለበጠ፣ ሰፊ አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ የሚሄደው የአማዶ ቱባ ውስጥ ዘጭ ብሎ ገባ።

ቱባው «ቡም፣ ቡም» ሲል የነበረው «ፍ… ፍ…» አለ። አማዶ ጉንጩ እስኪቀላ ነፋ። ምንም። የባሲሊያ አገጭ የቱባው ጉሮሮ ላይ ተሰንቅሯል። ከበሮ መቺው የቱባውን ድምፅ ሲያጣ ምቱን አጣ፤ ምቱ ሲጠፋ ባንዱ ቆመ፤ ባንዱ ሲቆም በሆድ ቀዳዳ የምታየው ሮዌና አማዶ ጀርባ ላይ ወጣች። የገበያዋ ሴት እንደ ተቆረጠ ዛፍ ተንሳፍፋ ወረደችና ፓሲንግ ለሽያጭ ያሰናዳችው የሩዝ ኬክ ላይ በደረቷ ተኛች።

ከቀሚሱ ሥር ሮዌና ወጣች። ጠጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፏል፤ ውሃው ይንጠባጠብባታል። ትንፋሿን ለመሰብሰብ እጆቿን ወገቧ ላይ አደረገች፣ ቀና አለች፣ አገጯን ወጣ አድርጋ ሕዝቡን አየች።

ባሲሊያን በሕይወት የሚያውቁ ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

ወደ ኋላ ያላሉት ማንግ ሴቬሮ ብቻ ናቸው። ከሰማንያ አልፈዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ምላሳቸው ግን አልደከመም። ከጸሎት ቤቱ ደጅ ከወንበራቸው ተነስተው ከዘራቸውን አነሱ።

«ባሲሊያ!» አሉ። «ዛሬም የዶራይን ሥራ የኔ ነው ልትዪ ነው የመጣሽው?»

ዶራይ የቆመችበት ደረቀች።

«ምን አሉ፣ ማንግ ሴቬሮ?»

ሽማግሌው አልሰሟትም፤ ጉዳያቸው ከሙታን ጋር ነበር። «ያቺ ሙሽራ፣ ያ ጥርሰ ፍንጭቱ ወታደር፣ ሁሉም የምራትሽ እጅ መሆኑን አላወቅሁም መሰለሽ? ጣቶችሽ እንኳን ጭቃ ማንኪያ መያዝ አቅቷቸው! ‹እንዲህ ያለ ጭንቅላት በከተማው የሚሠራ የለም፣ ሴቬሮ፣ የኔ እጅ ነው› ብለሽ በቅዱስ ቀሌምንጦስ ስትምዪ! እኔ አክብሬሽ ዝም አልኩ። አሁን ግን ሞተሻል፤ ይበቃል!»

«አያቴ፣ እኔ ሮዌና ነኝ» አለች ልጅቷ በትሕትና።

«ስምሽንም ለወጥሽ?»

ዶራይ ወደ ባሏ ዞረች። አማዶ ክንዱን እስከ ብብቱ ቱባው ውስጥ ከትቶ ያንን አገጭ ይፈልጋል።

«አማዶ። ታውቅ ነበር?»

አማዶ ክንዱን ከቱባው አወጣ።

«እኔ ቱባ ነው የምነፋው» አለ።

ዶራይ መንገዱ መሀል፣ ውሃው ውስጥ ተቀመጠች። ሰዉ የምታለቅስ መስሎት ሊያነሳት ቀረበ። ዶራይ ግን ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ትስቅ ነበር።

«ሌባ!» አለች። «የክርስቶስ ያለህ፣ ሌባ! ቤቴ ውስጥ፣ ሩዜን እየበላች!» ከዚያ የፓሲንግን ቀሚስ ያዘች። «ፓሲንግ፣ አንቺ ነገር ታውቂያለሽ፣ እስቲ ንገሪኝ። ሰው የማይረባ ነገር ይሰርቃል?»

«አይሰርቅም» አለች ፓሲንግ፣ ከተጨፈለቀው የሩዝ ኬክ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ።

«እኮ!»

ከሰልፉ መልስ ዶራይ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር የባሲሊያን ፎቶ ከግድግዳ አወረደች። ጠረጴዛ ላይ አቆመችው፤ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች፤ እስኪበቃት ወቀሰችው። ሮዌና ጠጉሯን እያደረቀች በሩ ላይ ቆማ ሰማች። ከዚያ ስለ ጆሮው በተናገረች ዕለት የወረደባት ንዴት የማን ሂሳብ እንደነበረ ስለገባት ገብታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ይቅርታ፣ ቲያ። አባቴም ‹አፍሽን ሰብሰብ አድርጊ› ይለኛል። ከማን እንደወረስኩት ግን ነግሮኝ አያውቅም።»

«አባትሽ ዳቫዎ ድረስ የሸሸው ለሙዝ መሰለሽ?» አለች ዶራይ።

ሁለቱም ሳቁ። ዶራይ ዓይኗን ፎቶው ላይ አድርጋ፣ «ሾርባው… በርግጥ እንዲወፍር የሚጨመርበትን፣ ሩዙን ያጠብኩበትን ውሃ ሳልጨምር ነው የሠራሁት» አለች። ይህን ለሰው ልጅ ስታምን የመጀመሪያዋ ነው።

ዋናው ንግስ ገና ጥቂት ቀን ይቀረው ስለነበር የገበያዋ ሴት ጭንቅላት መጠገን ነበረበት። ዶራይ ሮዌናን በርጩማ ላይ አስቀመጠቻት። «ቀና በይ። አትሳቂ፣ ይለወጥብኛል» እያለች፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው አገጭ እያየች፣ አውቃና አስባ፣ በጭቃ ቀረጸች። ሮዌና ጋዜጣውን ቀደደች፣ ሙጫውን አማሰለች፤ አስተያየት ሲመጣባት ከንፈሯን ነከሰች። አንዳንዴ ያመልጣታል፤ ዶራይም «እናቴ፣ ጀመረሽ?» ትላታለች። ቫርኒሹ ሦስት ጊዜ ተቀባ።

ሲያልቅ ፓሲንግን ጠሩ። ፓሲንግ ዙሪያውን ዞረች።

«እንዴት ነው?» አለች ዶራይ። «ያው ናት አይደል? ቁርጥ ባሲሊያ።»

«የምን ባሲሊያ?» አለች ፓሲንግ። «ይሄማ ቁርጥ ቄሱ ናቸው።»

ዶራይ ራቅ ብላ አየች፤ ቀረብ ብላ አየች። እውነትም አባ ነበሩ። በንግሱ ዕለት የቅዱስ ቀሌምንጦስን ምስል ተከትለው ሲሄዱ ቄሱ የገበያዋን ሴት ደጋግመው ቀና ብለው አዩአት፤ ግን ምን እንደሚሉ ስላላወቁ ባረኳት።

ሮዌና ስትመለስ ብቻዋን አልተመለሰችም። «ያ ሬናቶ የሚባል ሰው በሕይወት መኖሩን በዓይኔ ካላየሁ አላምንም» ብላ ዶራይ አማዶን አስከትላ መርከብ ላይ ወጣች። ልጆቿ ማኒላ ገብተው ትዳር ስለያዙ የሚይዛት አልነበረም። ባሕሩ አናወጣት፤ ባሕሩንም ሰደበችው። ዳቫዎ ወደብ ላይ አማዶና ሬናቶ ተቃቀፉና ሁለቱም የሚናገሩት አጡ። ሬናቶም እንደ ወንድሙ ዝምተኛ ኖሯል።

እዚያ ደግሞ ተራው የዶራይ ሆነ። በየዘመዱ ቤት እየዞረች «በላሽ?» ተባለች። የሽመና ሥራ ሊያሳዩአት ወስደው ዓሣ አበሏት። የመጀመሪያ ቀን ወቅቱ የሆነውን ዱሪያን የሚባል የሚከረፋ ፍሬ ሲቆርጡላት አፍንጫዋን ይዛ፣ «ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ ነገር ሞቷል» አለች። በሁለተኛው ቀን ለጨዋነት ብላ ቀመሰች። በሦስተኛው ቀን አልቀመሰችም፤ በላች። ለሳምንት ብላ ሄዳ ሁለት ወር ሲሆናት ፓሲንግ ከሱቅ ስልክ ደወለች።

«ሰዎች ለሠርግ ሂጋንቴ ሊያዙሽ በርሽ ላይ ቆመዋል። መቼ ነው የምትመጪው?»

«ስጨርስ» አለች ዶራይ።

«ምን ስትጨርሺ?»

የዶራይ አፍ ሙሉ ነበር፤ በሌላው እጇ ደግሞ ሬናቶ የመጨረሻዋን የዱሪያን ፍሬ እንዳይወስድ ሳህኑን ይዛ ነበር።

«ወቅቱን» አለች በመጨረሻ።